ጣርማ በር ላይ የወረደው

አጎናፍር ወልደየስ፣ የደብረ ሲና ቴሌፎነኛ፣
ቀን መስመር ሲያገናኝ ውሎ፣ ሌሊቱን የማይተኛ።
እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ገመድ ሰኪ፣ ገመድ ነቃይ፣
እሱ ማዳመጫው ካንገቱ፣ ዐይኑ በመስኮት ወደ ላይ፤
«ደሴን አገናኘኝ» ሲሉት፣ «ትንሽ ይታገሡ ጌታዬ፣
ጨረቃ መስመር ላይ ናት» ይላል፣ ፈገግ ሳይል፣ ያ አለቃዬ።

የመጀመሪያው ታሪኩ፣ በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣
የማርስ ሰው ነው፤ በጉም መሐል፣ በሚበር ድፍን ብረት
ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ወርዶ፣
ኬላ ጠባቂው አስቆመው፣ «ኮንትሮባንድ ነው» ብሎ ፈርዶ።
«የይለፍ ወረቀት?»
«ከማርስ ነው የመጣሁት።»
«ማርስም ቢሆን አውራጃ ነው! አይገባም ማኅተም የሌለው።»
ሦስት እግር ነበረውና፣ ሦስቱንም ጫማ አስወለቀው።

በሁለተኛው ታሪክ፣ በራሪዋ ሾላ ሜዳ ላይ ተሰበረች፣
በመካኒክ ዘርጋው እጅ፣ በትሬንታ ኳትሮ ዕቃ ዳነች፤
ዳነች እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ዳገት ስታይ ታጓራለች፣
ሰማይ መሐል ቆም ብላም፣ «ረዳት! ታኮ!» ትላለች።

ጋዜጣው ለሁለቱ የከፈለው፣ ሦስት ብር ከስሙኒ ነበር፤
ሦስቱ ለዱቤ ሄደ፣ ስሙኒዋ ለቴምብር።

ከዚያ ሳንሱር መጣ።
«የማርስ ንጉሥ ሲያነጥሰው፣ ሕዝቡ ‹ይማርህ› ይላል፤
ይህ ንጉሥ ማን ነው?» አሉት። «ማንም። ጅራቱስ አይታይም? ይታያል።»
ንጉሡን ዳኛ አደረገው። «የትኛው ዳኛ?» ተባለ።
ዳኛውን ጭቃ ሹም አደረገው። «የየት አጥቢያ?» የሚል አልታጣ፤ ጣለ።
በመጨረሻ ማርስ ላይ፣ አንዲት የምታነጥስ ፍየል ቀረች፤
እሷንም ቀይ እርሳስ ከበባት።
«እሰይ» አለኝ፣ «ማርስ ሰላም ሆነች።»

አምስት መቶ ቅጂ አሳተመ፣ በደመወዙ፣ በብድር፤
ሠላሳ ስምንት ተሸጠ። የቀረው ስዊችቦርዱ ሥር፣
ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ፣ እንደ ጡብ ተነጠፈ፤
«አየሽ» ይለኛል፣ «መጽሐፌ፣ አዲስ አበባን ከደሴ ደገፈ።»

አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፣ ከመንዝ፣ ከሞላሌ።
«ጌታው፣ ማርስ ያሉት አገር መሬቱ ስንት ጋሻ ነው? ግብሩስ?
እኔ በርስት ክርክር ዐሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ፤
ውርጩ ከዚህ ካልባሰ፣ እመጣለሁ።»
ሳቀ። ደግሞ አነበበው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።
መልስ ጽፎለት እንደ ሆን፣ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ምሳ አልበላም።

ሐምሌ ዐሥራ አራት፣ ስድሳ አንድ። ዝናብ። ጉሙ እስከ ቢሯችን በር።
ማለዳ፣ ራዲዮኑ ሰው ጨረቃን ረገጠ ብሎ ሲናገር፣
ከተማው ሁሉ ገባብን፣ «አጎናፍር፣ ቀደሙህ!» እያለ፤
ዘርጋው ግራሶ በእጁ እንዳለ፣ «በማን መለዋወጫ?» አለ።
እሱ ግን ጆሮውን ጥሎ፣ የሚጠብቀው ሌላ ነገር፤
«ማን ተቀበላቸው?»
ማንም። ድንጋይ። አቧራ።
ፊቱ፣ ቀብር ካለቀ የደረሰ የሩቅ ዘመድ ፊት ነበር።

በነሐሴ የጻፋት፣ ያላሳተማት፣ እኔ ዘንድ ናት።
ጨረቃ ባዶ የሆነችው ሰው ጠፍቶባት አይደለም፤ ዕለቱ
ሰኞ ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ደብረ ሲና ገበያ ወርዷል፣ ቆሎ ሊሸምቱ።
እንግዶቹ ደጁን አንኳኩተው፣ አደራ የሚሉት ጎረቤት አጥተው፣
ለምልክት ባንዲራ ትተው፣
ሄዱ።
አንዲት የጨረቃ ሴት፣ ሽንኩርት በዘንቢል፣ ቢሯችን ትገባለች፤
«ልጄ፣ ቤቴን አገናኚኝ፤ እንግዳ ሳይመጣብኝ አልቀረም» ትላለች።
«ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ገመዱን ሰካች» ይላል ጽሑፉ።
«‹እየጠራ ነው› አለች።»

እዚያ ላይ ይቆማል።
ወይ ቀለም አልቆበት፣
ወይ ፈረቃው ደርሶበት።